ሰይድ ሰዒድ ቢን ሱልጣን፣ የኦማንና የዛንዚባር ገዥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሰይድ ሰዒድ ማን ነበር?

ሰዒድ ቢን ሱልጣን በ1791 በኦማን መሀል አገር፣ ሰማኢል በምትባል ከተማ ተወለደ፤ ከ1806 እስከ 1856 ድረስም ለሃምሳ ዓመት ገዛ። ወጣት ሳለ የተረከበው አገር በውስጥ የጎሳ ጠብ የሚናጥ፣ ከውጭም በብዙ ጠላት የተከበበ ነበር። ሲሞት ግን ባንዲራው በፋርስ ባሕረ ሰላጤ አፍ፣ በዛሬዋ ፓኪስታን ጠረፍና ከሶማሊያ እስከ ታንዛንያ ደቡብ በተዘረጋው የምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ይውለበለብ ነበር። ዋና መቀመጫውም ከአረብ ምድር ወጥቶ የአፍሪካ ደሴት ወደ ሆነችው ዛንዚባር ተዛውሮ ነበር። በዘመኑ ከነበሩት የአረብ ገዥዎች መካከል ባሕር ማዶ ይህን ያህል የተዘረጋ ግዛት የነበረው ሌላ ሰው አልነበረም።

ይህን ግዛት ለመረዳት አንድ ነገር አስቀድሞ መያዝ ይጠቅማል። የሰዒድ መንግሥት የቆመው በመርከብ፣ በጉምሩክና በአንድ ሰው ብልሃት ላይ ነበር፤ በየአውራጃው የተሾመ አስተዳዳሪና የሠፈረ ሠራዊት እምብዛም አልነበረውም። በሕይወቱ ዘመን ያስገኘው ስኬትም፣ በሞቱ ማግስት የመጣው መከፋፈልም ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው።

ትክክለኛው መጠሪያው «ሱልጣን» ነው፣ «ኢማም» ወይስ «ሰይድ»?

ራሱም ሕዝቡም የሚጠቀሙበት «ሰይድ» የሚለውን ነበር። በስሙ መጨረሻ ያለው «ሱልጣን» ማዕረግ ሳይሆን የአባቱ ስም ነው፤ አባቱ ሱልጣን ቢን አሕመድ ይባል ነበር። ኦማን ውስጥ የሚበዙት ሙስሊሞች የኢባዲ እምነት ተከታዮች ሲሆኑ፣ በእነርሱ ሥርዐት ኢማም የሚሆነው በሃይማኖት ሊቃውንትና በጎሳ መሪዎች የተመረጠ ሰው ነው። ሰዒድ እንዲህ ተመርጦ ስለማያውቅ ኢማም አልነበረም። አውሮፓውያን ግን ልዩነቱን ሳያጤኑ በደብዳቤዎቻቸው ሁሉ «የማስካት ኢማም» ይሉት ነበር። በኋላም እርሱ ለእንግሊዝ ንጉሥ በስጦታ የላከው የጦር መርከብ «ኢማም» ተብሎ እስከ መሰየም ተደርሷል። «ሱልጣን» የሚለው መጠሪያ ደግሞ በውጭ መንግሥታት ውሎችና በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የጸና በመሆኑ እዚህም ብንጠቀምበት ስሕተት አይሆንም።

ሥልጣን የያዘው እንዴት ነው?

አባቱ በ1804 መጨረሻ ከባስራ በመርከብ ሲመለስ ባሕር ላይ በተነሣ ውጊያ ተገደለ። ወራሾቹ ሳሊምና ሰዒድ ገና ልጆች ስለነበሩ፣ በድር ቢን ሰይፍ የተባለ ዘመዳቸው በሞግዚትነት ሥልጣኑን ጠቅልሎ ያዘ። በድር የሚተማመነው ከመካከለኛው አረብ፣ ከነጅድ በተነሡትና ወሃቢ በሚባሉት አክራሪ የእስልምና ንቅናቄ ተከታዮች ድጋፍ ነበር፤ ይህም የኢባዲ እምነት ለሚከተለው የኦማን ሕዝብ ትልቅ ሥጋት ሆነ። የልጆቹ አክስት ሞዛ ቢንት አሕመድ፣ ብልህና ቆራጥ ሴት ነበረችና፣ ሞግዚቱ ካልተወገደ የወንድሟ ልጆች ዙፋን እንደማይተርፍ ተረዳች።

በ1806 ሰዒድ፣ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በባርካ አካባቢ በሚገኝ ምሽግ ውስጥ ከበድር ጋር ተገናኘ። ወሬው ስለ ጦር መሣሪያ ነበር ይባላል። ሰዒድ ጩቤውን መዝዞ ወጋው፤ በድር ቆስሎ በመስኮት ዘለለ፣ ፈረስ ላይም ወጥቶ ሸሸ፤ ነገር ግን ተከታትለው ደርሰው ጨረሱት። በዘመኑ የኦማን ፖለቲካ እንዲህ ያለው ግድያ እንግዳ አልነበረም። ሆኖም ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ትዕግሥቱና ስለ ለዘብተኛነቱ የሚነገርለት ገዥ ዘመኑን የጀመረው በገዛ እጁ ባፈሰሰው የዘመዱ ደም መሆኑ መዘለል የለበትም። ወንድሙ ሳሊም በስም የሥልጣን ተጋሪ ሆኖ እስከ ሞተበት እስከ 1821 ድረስ ቢቆይም፣ ውሳኔው ሁሉ የሰዒድ ነበር።

ኦማኖች ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሄዱት በእርሱ ዘመን ነው?

አይደለም። የወቅቱ ነፋስ ከኅዳርና ከታኅሣሥ ጀምሮ ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚነፍስ ባለ ሸራ ጀልባዎችን ከአረብ ዳርቻ ወደ አፍሪካ ይገፋል፤ ከሚያዝያ ወዲያ ደግሞ ዞሮ ወደ መጡበት ይመልሳቸዋል። በዚህ ነፋስ የሚጓዙ የአረብ ነጋዴዎች ከሰዒድ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት በላሙ፣ በሞምባሳ፣ በዛንዚባርና በኪልዋ ወደቦች የታወቁ ነበሩ።

የፖለቲካው ጉዳይ የጀመረው ከፖርቱጋሎች ጋር በተደረገው ትግል ነው። ከሰዒድ ቤተሰብ በፊት ኦማንን የገዛው የያዕሩባ ሥርወ መንግሥት በ1650 ፖርቱጋሎችን ከማስካት ካስወጣ በኋላ በባሕር አሳደዳቸው፤ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት በቀረው ከበባም በ1698 በሞምባሳ የነበረውን ፎርት ጂሰስ የተባለውን ታላቅ ምሽግ ያዘ። ከዚያ በኋላ ኦማን በእርስ በርስ ጦርነት ስትዳከም በየከተማው የተሾሙት ገዥዎች ራሳቸውን ቻሉ። ሰዒድ ሥልጣን ሲይዝ በእጁ በእርግጥ የቀረችለት ዋና ይዞታ ዛንዚባር ነበረች።

በአገሩ በኦማን የነበረው ሁኔታ ምን ይመስል ነበር?

ከባድ ነበር። በሰሜን ቀዋሲም የሚባሉት የራስ አል ኸይማ ባሕረኞች፣ በምዕራብ ወሃቢዎች፣ በሰሜን ምዕራብ ባሕሬን፣ በሶሓር ደግሞ ተቀናቃኝ የቤተሰቡ አባላት ነበሩበት። ባሕሬንን ለመያዝ በ1816ም ሆነ በ1828 ያደረጋቸው ዘመቻዎች ከሽፈዋል። በየብስ ጦርነት ሰዒድ ዕድለኛ አዛዥ አልነበረም፤ በግል ጀግንነቱ ግን ማንም አያማውም። በ1820 የበኑ ቡ ዐሊን ጎሳ ለመውጋት ከእንግሊዞች ጋር ዘምቶ ጦሩ ሲሸነፍ፣ አንድ የእንግሊዝ ወታደር ለማዳን ሲሞክር እጁ ላይ ቆሰለ፤ የሕንድ እንግሊዛዊ መስተዳድርም የክብር ሰይፍ ላከለት።

ከእንግሊዝ ጋር የነበረው ወዳጅነት የኖረው በሁለቱም ወገን ጥቅም ነው። እርሱ ከወሃቢዎችና ከቀዋሲም የሚጠብቀው የባሕር ኃይል ይፈልጋል፤ እንግሊዞች ደግሞ ወደ ሕንድ የሚወስደው መንገድ ላይ ፈረንሳዮች እንዳይገቡ ይፈልጋሉ። በየውሉ ጥቂት ጥቂት ነጻነቱን አሳልፎ እንደሰጠ መካድ አይቻልም፤ አማራጩ ግን ጠባብ ነበር።

ሞምባሳን ለመያዝ ለምን ያን ያህል ጊዜ ፈጀበት?

ሞምባሳን የሚገዙት ማዝሩዒ የሚባሉ፣ ራሳቸው ከኦማን የመጡ ቤተሰቦች ሲሆኑ ለማስካት መገዛትን ፈጽሞ አልፈለጉም። በ1824 ኦዌን የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ወደቡ ሲደርስ፣ ሰዒድን የፈሩት ማዝሩዒዎች የእንግሊዝ ባንዲራ እንዲሰቀልላቸው ጠየቁ፤ ኦዌንም የበላዮቹን ሳይጠይቅ ሞምባሳን በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር አደረጋት። ለንደን ይህን ስላላጸደቀችው ባንዲራው በ1826 ወረደ።

ሰዒድ በ1828 መርከቦቹን ይዞ መጣና በስምምነት ምሽጉ ውስጥ የራሱን ጠባቂዎች አስገባ። እርሱ ከሄደ በኋላ ግን ጠባቂዎቹ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። በ1829ና በ1833 ያደረጋቸው ሙከራዎችም አልተሳኩም። በመጨረሻ ምሽጉን የከፈተለት የማዝሩዒዎች የእርስ በርስ ክፍፍል ነው፤ በ1837 ምሽጉ በእጁ ገባ። ከዚያም ልጁ ኻሊድ መሪዎቻቸውን በእንግድነት ጠርቶ ያዛቸው፤ በፋርስ ጠረፍ ወዳለችው ባንዳር አባስ ተግዘውም በእስር ሞቱ። ድሉ የተገኘው በክህደት ነበር፤ የማዝሩዒ ወገኖችም ለትውልዶች ያልረሱት ቂም ሆኖ ቀረ።

መቀመጫውን ወደ ዛንዚባር ያዛወረው መቼና ለምንድን ነው?

አንዳንድ መጻሕፍት 1832ን፣ ሌሎች 1840ን ይጠቅሳሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ዝውውሩ በአንድ ቀን የተፈጸመ ባለመሆኑ ነው። ሰዒድ ዛንዚባርን መጀመሪያ ያያት በ1828 ሲሆን፣ ወዲያው በደሴቲቱ ምዕራባዊ ዳርቻ ቤይት አል ምቶኒ የተባለውን ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመረ፤ በ1830ዎቹ ዓመታት በሁለቱ አገሮች መካከል ሲመላለስ ቆየ፤ ከ1840 ጀምሮ ግን ኑሮው በአብዛኛው እዚያው ሆነ።

ምክንያቱን ለመረዳት ሁለቱን ከተሞች ጎን ለጎን ማየት በቂ ነው። ማስካት በጥቁር ድንጋያማ ተራራ የተከበበች፣ በበጋ ሙቀቷ የሚያቃጥል፣ ዝናብ የማያውቃት ወደብ ናት። ዛንዚባር ለምለም ናት፤ ጣፋጭ ውሃ አላት፤ ወደቧ ጥልቅና ከማዕበል የተከለለ ነው፤ ከአፍሪካ መሬት የሚለያትም ጠባብ ባሕር ስለሆነ የመሀል አገር ነጋዴ በቀላሉ ይደርስባታል፣ ጠላት ግን ያለ መርከብ አይደርስባትም። በኦማን እርሱን የሚቀናቀኑ ጎሳዎችና የገዛ ዘመዶቹ በየዓመቱ ሲያምፁበት፣ በዛንዚባር ግን የሚከፍለው ሰው ብዙ፣ የሚዋጋው ጥቂት ነበር። የሁለቱን አገሮች ገቢ ያነጻጸረ ገዥ ሌላ ውሳኔ ይወስዳል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

የቅርንፉዱን ተክል ያስገባው እርሱ ነው?

እርሱ አላስገባውም፤ ነገር ግን አገሩን በቅርንፉድ የሸፈነው እርሱ ነው። ቅርንፉድ የመጣው ከኢንዶኔዥያ የሞሉካ ደሴቶች ሲሆን፣ ደቾች ለረጅም ዘመን በብቸኝነት ይዘውት ኖረዋል። ፈረንሳዮች በ1770ዎቹ ችግኙን ወደ ሞሪሸስና ወደ ሬዩንዮን አሻገሩት፤ ከዚያም በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ሳሊሕ ቢን ሐራሚል የተባለ የኦማን አረብ ወደ ዛንዚባር አመጣው። ሰዒድ በኋላ ከዚህ ሰው ጋር በፖለቲካ ተጣልቶ እርሻዎቹን ወረሳቸው።

ከዚያም ለእያንዳንዱ የኮኮነት ዛፍ ሦስት የቅርንፉድ ዛፍ እንዲተከል አዘዘ፤ ያልተከለ መሬቱን ያጣል ተባለ። ራሱ ብቻ ሲሞት አርባ አምስት እርሻዎች ነበሩት። በሻያችን የምንጨምረው ቅርንፉድ ያልፈነዳ የአበባ እንቡጥ ነው፤ ከፈነዳ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሠራተኛው በየጊዜው ወደዚያ ረጅምና ተሰባሪ ዛፍ እየወጣ እንቡጡን ዘለላ በዘለላ በእጁ ይለቅማል፤ አውርዶም ከግንዱ ይለያየዋል፤ በሰሌን ላይ አስጥቶ በፀሐይ ለቀናት ያገላብጠዋል፤ አረንጓዴና ቀላ ያለው እንቡጥ እየጠቆረ ጠንካራ ምስማር የመሰለ ቅርጽ ይይዛል። በመልቀሚያው ወራት ሽታው ከባሕር ላይ ይሰማል ይባላል። ይህ ሁሉ ብዙ እጅ ይፈልጋል፤ እጁ ደግሞ የባሪያ እጅ ነበር።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ዛንዚባርና ጎረቤቷ ፔምባ የዓለምን የቅርንፉድ ገበያ አብዛኛውን ክፍል ያዙ። ምርቱ ሲበዛ ዋጋው ወደቀ፤ ትርፉም እንደ መጀመሪያው ዘመን አልቀጠለም። የደሴቲቱ ነባር ሕዝብ የሆኑት ሃዲሙዎች ደግሞ ለም ከሆነው ምዕራባዊ ክፍል እየተገፉ፣ አፈሩ ስስና ድንጋያማ ወደ ሆነው ምሥራቅና ደቡብ ሄዱ። ምዊኒ ምኩ የሚባለው የራሳቸው ባላባት ግብር እየሰበሰበ ለሱልጣኑ በማስገባት ሥልጣኑን በከፊል ይዞ ቆይቷል።

ግዛቱ በትክክል እስከ የት ይደርስ ነበር?

በእስያ በኩል ኦማን፣ ከፋርስ በኪራይ የተያዘችው ባንዳር አባስና በመክራን ጠረፍ ያለችው ጓዳር ነበሩ። ጓዳር ከኦማን እጅ የወጣችው በ1958 ለፓኪስታን ስትሸጥ ነው። የኩሪያ ሙሪያ ደሴቶችን ሰዒድ በ1854 ያለ ክፍያ ለንግሥት ቪክቶሪያ ሰጥቷል። በአፍሪካ በኩል ከሞቃዲሾ፣ ከመርካና ከባራዋ ጀምሮ በላሙ፣ በሞምባሳ፣ በፔምባ፣ በዛንዚባርና በኪልዋ አልፎ እስከ ሩቩማ ወንዝ አካባቢ የሚደርሰው ዳርቻ የእርሱ ይባል ነበር።

«ይባል ነበር» ያልነው ሆን ብለን ነው። በሞቃዲሾ ሥልጣኑ ከስም እምብዛም የማያልፍ ሲሆን፣ በላሙ አጠገብ ያለችው ሲዩ ደግሞ በ1840ዎቹ የላከበትን ጦር ድል አድርጋ መልሳለች። በመሀል አገር የእርሱ ሰዎች ዋና ጣቢያዎች ታቦራና በታንጋኒካ ሐይቅ ዳር ያለችው ኡጂጂ ነበሩ፤ እነዚህ ግን የነጋዴ ሠፈሮች እንጂ የመንግሥት አውራጃዎች አልነበሩም። «በዛንዚባር ዋሽንት ሲነፋ በሐይቆቹ ዳር ይጨፈራል» የሚለው የታወቀ አባባል ስለ ገበያው እውነት ነው፤ ስለ መንግሥቱ ግን አይደለም።

ገቢውን የሚያገኘው ከየት ነበር?

በዋነኛነት ከጉምሩክ። ሰዒድ የቀረጥ ሠራተኛ አልቀጠረም፤ የጉምሩኩን ገቢ በቁርጥ ዓመታዊ ክፍያ በኮንትራት ይሰጠው ነበር። ለረጅም ዘመን ይህን ኮንትራት የያዘው ከሕንድ የኩች ግዛት የመጣ ጃይራም ሺቭጂ የተባለ ሂንዱ ነጋዴ ነው። ገዥው ገንዘቡን አስቀድሞ በእርግጠኝነት ያገኛል፤ ነጋዴው ደግሞ ከተዋዋለው በላይ የሰበሰበውን ያስቀራል፤ በቅፍለት ወደ መሀል አገር ለሚጓዙ ነጋዴዎችም ብድር ይሰጣል። በዚህ ዓይነት ጃይራም ከሱልጣኑ ቀጥሎ በዛንዚባር ኃያሉ ሰው ሆነ፤ ሱልጣኑ ራሱ የእርሱ ባለዕዳ የነበረበት ጊዜም ነበር። ሙስሊም ገዥ ትልቁን የገቢ ምንጩን ለሂንዱ አምኖ መስጠቱና በአገሩ የሂንዱዎችን አምልኮ አለመንካቱ በዘመኑ የመጡ እንግዶችን ሁሉ ያስደንቅ ነበር።

ከመሀል አፍሪካ የሚመጣው ዋና ዕቃ የዝሆን ጥርስና ኮፓል የሚባለው ሙጫ ነበር። በልዋጩ የሚሄደው ዶቃ፣ የናስ ሽቦ፣ ጠመንጃና ከሁሉም በላይ ጨርቅ ነው። እኛ አቡጀዲ የምንለው ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ከአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ከሴለም ወደብ በሚመጡ መርከቦች ይገባ ስለነበር በዛንዚባር «ሜሪካኒ» ተባለ። ገንዘቡም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አያቶቻችን ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ የሚሉት፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት ምስል ያለበት ብር በማስካትም በዛንዚባርም ዋናው መገበያያ ነበር።

በባሪያ ንግድ ውስጥ የነበረው ድርሻ ምን ያህል ነው?

ድርሻው የመሀል ነው፤ ስለ ሰዒድ የሚጻፉ አንዳንድ የውዳሴ ጽሑፎች ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ማለፋቸው ትክክል አይደለም። ከኒያሳ ሐይቅ አካባቢ የሚማረኩ ሰዎች በእግር እየተነዱ ወደ ኪልዋ ይወርዱ፣ ከዚያ በጀልባ ታጭቀው ወደ ዛንዚባር ገበያ ይመጡ ነበር። ለያንዳንዱ ሰው በጉምሩክ ቀረጥ ይከፈላል። ከፊሎቹ በቅርንፉድ እርሻዎች ይቀራሉ፤ ሌሎቹ ወደ አረብ አገርና ወደ ፋርስ ይሻገራሉ። የሱልጣኑ አርባ አምስት እርሻዎችም የለሙት በእነዚሁ ሰዎች ጉልበት ነው። ስማቸውን የመዘገበ የለም፤ የዛንዚባር ሀብት ሲነገር ግን በመጀመሪያ መታሰብ የሚገባቸው እነርሱ ናቸው።

በእንግሊዝ ግፊት ሰዒድ ንግዱን ደረጃ በደረጃ የሚገድቡ ውሎች ፈርሟል። የ1822 ውል ለክርስቲያን መንግሥታት ዜጎች ባሪያ መሸጥን ከለከለ። በ1845 የተፈረመውና በ1847 ሥራ ላይ የዋለው ሁለተኛው ትልቅ ውል፣ በዛንዚባር በነበረው የእንግሊዝ ቆንስል በሐመርተን ስም የሚታወቀው፣ ባሪያዎችን ከአፍሪካ ግዛቶቹ ወደ ውጭ ማውጣትን ከለከለ። ሰዒድ ይህ ገቢውን እንደሚጎዳና ተገዢዎቹን እንደሚያስቆጣበት በተደጋጋሚ ተከራክሯል፤ በመጨረሻ የፈረመው የእንግሊዝን ድጋፍ ላለማጣት ነው። በአፍሪካ ግዛቶቹ ውስጥ ከወደብ ወደ ወደብ ማጓጓዝ ግን ሕጋዊ ሆኖ ስለቀጠለ ለኮንትሮባንድ ሰፊ በር ተከፈተ። የዛንዚባር የባሪያ ገበያ የተዘጋው በልጁ በባርጋሽ ዘመን፣ በ1873 ነው፤ ባርነት በሕግ የተሻረው ደግሞ በ1897።

ወደ አሜሪካ መርከብ ልኳል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ከአሜሪካ ጋር በ1833 የንግድ ውል ከተፈራረመ በኋላ «ሱልጣና» የተባለችው መርከቡ ሚያዝያ 30 ቀን 1840 ኒው ዮርክ ደረሰች። ቴምር፣ ቡና፣ የፋርስ ምንጣፍ፣ የዝሆን ጥርስና ቅርንፉድ ጭናለች። የተላከው መልእክተኛ አሕመድ ቢን ነዕማን ጥምጣሙንና ካባውን ለብሶ በጎዳናው ሲሄድ ሕዝቡ ይከተለው ነበር፤ ሥዕሉም እዚያው ተሣለ። ለፕሬዚዳንት ቫን ቢውረን ከቀረቡት ስጦታዎች መካከል ሁለት የአረብ ፈረሶች፣ ዕንቁዎችና በወርቅ ያጌጠ ሰይፍ ነበሩ። ፕሬዚዳንቱ ከውጭ ገዥ ስጦታ ለግላቸው እንዳይቀበሉ ሕጉ ስለሚከለክል ጉዳዩ ለኮንግረስ ቀረበ፤ ፈረሶቹም ተሸጡ። በምላሹ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከቧን አድሶ ሰደዳት።

ስለ ቤተሰቡ ምን ይታወቃል? ከሐበሻ ጋር ግንኙነት ነበረው?

ብዙ የሚታወቀው ሳልሜ በምትባል ልጁ ምክንያት ነው። ሳልሜ በ1844 ቤይት አል ምቶኒ ተወልዳ፣ በ1866 ጀርመናዊ ነጋዴ ለማግባት ከዛንዚባር ወጥታ ሄደች፤ በ1886ም የልጅነት ትዝታዋን በጀርመንኛ አሳተመች። በጽሑፏ የምናየው ግቢ በባሕር ዳር የተንጣለለ፣ በአደባባዩ ላይ ፒኮክና ሰጎን የሚዘዋወርበት፣ ልጆች ማለዳና ማታ ፈረስ ግልቢያ የሚማሩበት፣ አረብኛ፣ ፋርስኛ፣ ቱርክኛ፣ ስዋሂሊና የሐበሻ ቋንቋ የሚሰሙበት ቤት ነው።

ሰዒድ ሲሞት ሠላሳ ስድስት ልጆች በሕይወት ነበሩ፤ ሁሉም የተወለዱት ከቁባቶች ነው። ዋና ሚስቱ ዐዛ ልጅ አልነበራትም፤ ኋላ ያገባት የፋርስ ልዕልትም እንዲሁ፤ የኪዲቺ መታጠቢያ ቤት በ1850 የተሠራው ለእርሷ ነው። የማዳጋስካርን ንግሥት ራናቫሎናንም ለጋብቻ ጠይቆ አልተሳካለትም። ቁባቶቹ በገንዘብ የተገዙ፣ ከካውካሰስ ተራሮች አካባቢ የመጡ የሰርካሲያና የጆርጂያ እንዲሁም የሐበሻ ሴቶች ነበሩ። ከምጽዋ፣ ከታጁራና ከዘይላ ወደቦች ወደ አረብ አገር የተሸጡት የአገራችን ሴቶች ዕጣ እስከዚህ ቤተ መንግሥት ይደርሳል። በኋላ ዛንዚባርን ከ1870 እስከ 1888 የገዛው ባርጋሽ እናቱ ሐበሻዊት ነበረች።

ሌላም የታሪክ መገጣጠሚያ አለ። በሸዋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የቆየው፣ ከዚያም ወደዚያ እንዳይመለስ የተከለከለው ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ክራፕፍ በ1844 ዛንዚባር ደርሶ ሰዒድ በክብር ተቀብሎታል። ሰውዬው ሰዎችን ወደ እግዚአብሔር ለመመለስ የሚፈልግ መልካም ሰው መሆኑን የሚገልጽ የድጋፍ ደብዳቤም ለዳርቻው ገዥዎች ጻፈለት። ክራፕፍ ሞምባሳ ሠፈረ፤ በዚያው ዓመት ሚስቱንና ሕፃን ልጁን እዚያ ቀበረ።

እንዴት ሞተ?

በ1854 ፋርሶች ባንዳር አባስን ስለወሰዱበት ወደ ማስካት ሄዶ፣ በ1856 ከበፊቱ የከበደ ውል ተቀብሎ መልሶ ያዛት። ከዚያም «ቪክቶሪያ» በተባለችው መርከቡ ወደ ዛንዚባር ተመለሰ። ሳልሜ እንደጻፈችው ሲነሣ የሬሳ ሣጥን የሚሠራባቸው ሳንቃዎች መርከቡ ላይ እንዲጫኑ አዝዞ ነበር፤ ባሕር ላይ ከሞተም እንደ ልማዱ ወደ ባሕር እንዳይጣል። በጉዞው ላይ በተቅማጥ ታመመ፤ ጥቅምት 19 ቀን 1856 በሲሼል ደሴቶች አቅራቢያ ሞተ። አብሮት የነበረው ባርጋሽ አስከሬኑን በሣጥኑ ውስጥ አድርጎ ዛንዚባር ካደረሰ በኋላ በሌሊት በጸጥታ ቀበረው፤ ማንም ሳያውቅ ምሽጉን ለመያዝም ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ከሞቱ በኋላ ግዛቱ ለምን ተከፈለ?

ልጁ ሱወይኒ በማስካት፣ ማጂድ በዛንዚባር ገዥ ሆነው ቀሩ። ሱወይኒ የበኩር መብት አለኝ በማለት መላውን ግዛት ጠየቀ፤ በ1859 መርከቦች ቢያዘጋጅም እንግሊዞች መለሱት። ነገሩ ለሕንድ እንግሊዛዊ ገዥ ለካኒንግ ቀርቦ ሚያዝያ 2 ቀን 1861 ውሳኔ ተሰጠ፦ ሁለቱ አገሮች ይለያያሉ፤ ሀብታሟ ዛንዚባር ለማስካት በየዓመቱ 40,000 ጠገራ ብር ትከፍላለች።

ለወንድማማቾቹ ጠብ ብቻ ጥፋቱን መስጠት በቂ አይመስለንም። ሰዒድ ጉምሩኩን ለነጋዴ፣ ደኅንነቱን ለእንግሊዝ ወዳጅነት፣ የጎሳዎችን ሰላም ለራሱ ሽምግልና አስረክቦ ነበርና፣ እርሱን የሚተካ ተቋም አልተወም። ማስካት ከዛንዚባር ገቢ ስትለይ ደኸየች፤ ሱወይኒም በ1866 በገዛ ልጁ እጅ ተገደለ። ዛንዚባርም በ1890 የእንግሊዝ ጥበቃ ግዛት ሆነች።

ዛሬ ምን ቀርቶ ይታያል?

በዛንዚባር የቤይት አል ምቶኒ ፍርስራሽ በባሕር ዳር ቆሟል፤ የኪዲቺ መታጠቢያ ጣሪያ ግን እስካሁን ደኅና ነው። የዛንዚባሩ ሱልጣናዊ ቤት በጥር 1964 በተነሣው አብዮት ወደቀ፤ ብዙ አረቦች ተገደሉ፤ ብዙዎችም ሸሹ። የኦማኑ ቤት ግን አልተቋረጠም፤ ዛሬ የሚገዙት ሱልጣን ሃይሠም ቢን ታሪቅ የሰዒድ ቀጥተኛ ዘር ናቸው። ከ1970 በኋላ ከዛንዚባር የተመለሱት ቤተሰቦችም ቋንቋቸውን ይዘው ስለገቡ፣ በማስካት ለሥራ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ኦማናውያን አሠሪዎቻቸው በቤታቸው ስዋሂሊ ሲያወሩ ይሰማሉ።